የፓምፑ ሳል፦ የቤት ውሃ የግፊት ታንክን በራስ እጅ ስለ መለወጥ

በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ከአጥቢያው ምእመናን ጋር ሆነን የምንረዳው አንድ የሕፃናት መዋያ አለ። በዚህ ግቢ ውስጥ በአንድ ዓመት ጊዜ ሁለት የውሃ ፓምፖች ተቃጠሉብን። የመጀመሪያው በተቃጠለ ጊዜ «አርጅቶ ነው» ብለን አዲስ ገዛን። ሁለተኛው ሰባት ወር ሳይሞላው እንደ ፊተኛው በሆነ ጊዜ ግን ደነገጥን። የተገዛው ምእመናን ከወር ደመወዛቸው ቀንሰው በሰጡት ገንዘብ ነበርና፣ ለሦስተኛ ፓምፕ እንደገና እጃችንን ለመዘርጋት አፈርን።

በግቢው ዘበኛ የሆኑ ዕድሜያቸው ከስድሳ ያለፈ አባት አሉ። እኚህ አባት ከብዙ ጊዜ በፊት «ልጆቼ፣ ይህ ሞተር ሳል ይዞታል። አንድ ሕፃን እጁን በታጠበ ቁጥር እህ እህ ይላል፤ ድሮ እንዲህ አልነበረም» ብለውን ነበር። እኛም ፈገግ ብለን አለፍናቸው። ሁለተኛው ፓምፕ ከተቃጠለ በኋላ የመጣው ወጣት የቧንቧ ሠራተኛ ግን ከሁሉ አስቀድሞ ወደ እርሳቸው ሄዶ «አባባ፣ ሳሉ መቼ ጀመረው?» ሲል ጠየቃቸው። መልሳቸውን ሰምቶ ከፓምፑ አጠገብ ወደ ተቀመጠው ቀይ ታንክ ሄደ፤ በጀርባው ያለውን ትንሽ ክዳን ፈታ፤ እንደ መኪና ጎማ ቫልቮላ ያለውን መርፌ በምስማር ጫፍ ጫን አደረገ። አየር መውጣት ሲገባው ውሃ ፊጭ ብሎ ወጣ። ሥራው ሁሉ ግማሽ ደቂቃ አልፈጀም። ሁለቱም ፓምፖች ጤነኞች ነበሩ፤ በሽታው ያለው ታንኩ ውስጥ ነበር።

ለታንኩ የውስጥ ጎማ የወጣው ገንዘብ ለአንድ ፓምፕ ከወጣው ጋር ሲነጻጸር በጣም ጥቂት ነው። ውሃ ባልነበረባቸው ዘጠኝ ቀናት ግን የመዋያው ወጥ ሠሪ እናት በየማለዳው ከጎረቤት ግቢ በጀሪካን ውሃ ሲያመላልሱ ሰንብተዋል። ጥፋቱ የማንም ሳይሆን የእኛ ነው፤ ግዢውን የፈቀድነው ሳንመረምር ነውና። ይህን ጽሑፍ የምናቀርበውም ሌላ አጥቢያና ሌላ የሥራ ጓድ በዚሁ መንገድ እንዳይሄድ ብለን ነው።

ታንኩ በከተማችን ለምን አስፈለገ?

የግፊት ታንክ፣ ብዙ ሰዎች «ፕሬዠር ታንክ» የሚሉት ዕቃ፣ በብዙ አገሮች የሚታወቀው የራሱ የውሃ ጉድጓድ ባለው ቤት ነው። በአዲስ አበባ መካከል፣ በለገሃር፣ በኦሎምፒያ፣ በካዛንቺስ አካባቢ የራሱ ጉድጓድ ያለው መኖሪያ ቤት ብዙ አይገኝም። የከተማይቱ የቧንቧ ውሃ የሚመጣው ከገፈርሳ፣ ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች፣ እንዲሁም በአቃቂ በኩልና በሌሎች ቦታዎች ከተቆፈሩ ጥልቅ ጉድጓዶች ነው። ይሁን እንጂ ውሃው በብዙ ሠፈር በፈረቃ ስለሚመጣ፣ ብዙ ጊዜም በሌሊት ስለሚደርስ፣ ሰው ሁሉ በግቢው ሮቶ ያስቀምጣል ወይም የመሬት ውስጥ ታንከር ያሠራል። ያ ሮቶ ለቤቱ እንደ ጉድጓድ ሆነለት ማለት ነው።

ሮቶው በምድር ላይ ከሆነ ውሃው በራሱ ወደ ፎቅ አይወጣም። ስለዚህ ፓምፕ ያስፈልጋል። ፓምፑም አንድ ሰው ቧንቧ በከፈተ ቁጥር እንዳይነሣ፣ በተዘጋም ቁጥር እንዳይቆም በመካከል የሚያሳርፈው ዕቃ ያስፈልገዋል። ያ ዕቃ የግፊት ታንኩ ነው።

አየር የሚሠራው ሥራ

ታንኩ ከውጭ ሲታይ የብረት እንስራ ይመስላል። በውስጡ ግን እንደ መኪና ካላማዳሪ ያለ የጎማ ከረጢት አለው። ውሃው ወደ ከረጢቱ ይገባል፤ በከረጢቱና በብረቱ መካከል ደግሞ የታመቀ አየር አለ። ውሃ ሲጫኑት አይጨመቅም፤ አየር ግን ይጨመቃል። ሮበርት ቦይል የተባለው ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1662 እንዳስረዳው፣ ሙቀቱ ካልተለወጠ በቀር የአየር ግፊት በእጥፍ ሲጨምር የያዘው ቦታ በግማሽ ይቀንሳል። ፓምፑ ውሃ ሲያስገባ አየሩ ይጨመቃል፤ ፓምፑ ሲቆም አየሩ ልክ እንደ ተለጠጠ ላስቲክ ውሃውን ወደ ቧንቧው መልሶ ይገፋዋል። ስለዚህ ፓምፑ ጠፍቶ ሳለ እጃችንን የምንታጠበው በአየሩ ጉልበት ነው።

ነገሩን በቁጥር እንየው። በመዋያው ያለው ታንክ 24 ሊትር የሚባለው ነው። ፓምፑን የሚያበራና የሚያጠፋው አውቶማቲክ (ፕሬዠር ስዊች) ግፊቱ ወደ 1.4 ባር ሲወርድ ያበራል፤ 2.8 ባር ሲደርስ ያጠፋል። በታንኩ ያለው አየር ልክ ከሆነ ፓምፑ ሳይነሣ የምናገኘው ውሃ 8 ሊትር ተኩል ያህል ነው። «24 ሊትር» የተጻፈበት ታንክ 24 ሊትር ውሃ ያጠራቅማል ማለት አይደለም፤ ከግማሽ የሚበልጠው ቦታ የአየር ነው።

እንግዲህ ሥልሳ ሕፃናት ከምሳ በፊት እያንዳንዳቸው በአንድ ሊትር ውሃ ቢታጠቡ፣ ታንኩ ጤነኛ ሲሆን ፓምፑ ቢበዛ ሰባት ጊዜ ያህል ይነሣል። ጎማው የተቀደደ እንደ ሆነ ግን የሚያሳርፈው አየር የለምና፣ በየሕፃኑ ቢያንስ አንድ ጊዜ መነሣቱ ነው፤ ይኸውም በግማሽ ሰዓት ከሥልሳ ጊዜ በላይ ማለት ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር በሚነሣበት ቅጽበት በደህናው ጊዜ ከሚወስደው ኃይል ከአምስት እስከ ሰባት እጥፍ ይስባል። ይህ ሁሉ መነሣት መጠምጠሚያውን ያግለዋል፣ የአውቶማቲኩን መገናኛ ነጥቦች ያቃጥላል፣ በመጨረሻም ሞተሩን ይገድለዋል። ዘበኛው አባታችን የሰሙት ሳል ይህ ነበር።

በሽታውን ለይቶ ማወቅ

ዕቃ ከመግዛት በፊት መመርመር ይቀድማል። ምርመራውም እንዲህ ነው።

አንደኛ፣ አንድ ቧንቧ በትንሹ ከፍተን ፓምፑን እናዳምጥ። በጥቂት ሰኮንድ ውስጥ ተነሥቶ ከቆመ፣ ደግሞም ወዲያው ከተነሣ፣ የጌጁም መርፌ ወደ ላይና ወደ ታች የሚዘል ከሆነ፣ ታንኩን መጠርጠር ይገባል።

ሁለተኛ፣ የአየሩን ቫልቮላ ክዳን ፈትተን መርፌውን ለአፍታ ጫን እናድርግ። ውሃ ከወጣ ጎማው ተቀዷል፤ መለወጥ አለበት። አየር ከወጣ ጎማው ምናልባት ደህና ነው፤ አየሩ ግን አንሶ ሊሆን ይችላል። ምንም ካልወጣ አየሩ ፈጽሞ አልቋል ማለት ነው። ጎማ ደህና ሆኖ ሳለ እንኳ አየር ቀስ በቀስ ያልፍበታልና፣ እንዲህ ያለው ታንክ ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው መነፋት ብቻ ነው። ለዚህ ሲባል አዲስ ታንክ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው።

ሦስተኛ፣ ሌሎች ምክንያቶችን እንለይ። ሌሊት ማንም ቧንቧ ሳይከፍት ፓምፑ አልፎ አልፎ የሚነሣ ከሆነ፣ አንድ ቦታ ውሃ ይፈስሳል፤ ወይም ውሃው ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግደው ቼክ ቫልቭ አይዘጋም። ይህ የታንኩ ጥፋት አይደለም። የሽንት ቤቱን ማጠራቀሚያ ሳጥን አስቀድማችሁ ተመልከቱ፤ ብዙ ጊዜ ውሃው የሚያልፈው በእርሱ በኩል ነው። ፓምፑ እየዞረ ውሃ አልወጣ ካለ ደግሞ ሮቶው ባዶ ሊሆን ወይም በመሳቢያው መስመር አየር ሊገባ ይችላል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማና ከዚያም በላይ ስለሆነች የከባቢ አየሯ ግፊት በባሕር ዳር ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። በመሆኑም ከመሬት ውስጥ ታንከር የሚስብ ፓምፕ በዕቃው ወረቀት ላይ የተጻፈውን ያህል ጥልቀት በዚህ ከተማ አይስብም።

ምን ዓይነትና ምን ያህል ታንክ?

የተቀደደው ጎማ ብቻ ከሆነ፣ ብረቱም ካልዛገ፣ በብዙ ታንኮች ጎማውን ብቻ መለወጥ ይቻላል። ይህን የምናውቀው በአንድ ጫፍ በኩል በአምስት ወይም በስድስት ቡሎን የታሰረ ክብ የብረት ክዳን ካለ ነው። ክዳን የሌለውና ዙሪያው የተገጠመ ታንክ ከሆነ ግን ሙሉውን መለወጥ ግድ ነው። ወደ ገበያ ስትሄዱ አሮጌውን ጎማ ይዛችሁ ሂዱ፤ የአፉ ስፋት በአንድ ጣት እንኳ ቢለያይ አይገጥምም። ለመጠጥ ውሃ የተሠራ ጎማ መሆኑንም ጠይቁ።

ስለ መጠኑ፣ ሞተር አንድ ጊዜ ከተነሣ ቢያንስ አንድ ደቂቃ ያህል ቢሠራ መልካም ነው ይባላል። በደቂቃ 30 ሊትር የሚያወጣ ፓምፕ ከሆነ፣ ታንኩ 30 ሊትር ያህል ውሃ ማጠራቀም አለበት ማለት ነው። ከላይ በጠቀስነው የአውቶማቲክ ልክ ይህን የሚችለው ባለ 100 ሊትር ታንክ ነው፤ የእርሱ ጥርቅም 35 ሊትር ገደማ ነው። ጥቂት ሰዎች ለሚኖሩበት ቤት ባለ 24 ሊትሩ ብዙ ጊዜ ያገለግላል። ሕፃናት ለሚውሉበት፣ እንግዶች ለሚያርፉበት ወይም ብዙ ቤተሰብ በአንድ ፓምፕ ለሚጠቀምበት ግቢ ግን ትልቁን መግዛት በመጨረሻ ይረክሳል።

የሥራው ቅደም ተከተል

የሚያስፈልጉት ዕቃዎች ሁለት የቧንቧ መፍቻዎች፣ ለቡሎኖቹ ልክ የሆነ ቁልፍ፣ ቴፍሎን፣ የብስክሌት መንፊያ፣ የጎማ ግፊት መለኪያ፣ ባልዲና ሳሙና ናቸው። መለኪያው ከሌለ ከሠፈሩ ጎሚስታ መዋስ ይቻላል። የጎሚስታው መለኪያ በፒኤስአይ የሚያነብ ከሆነ 1 ባር 14.5 ፒኤስአይ ነው። ሥራው ለሁለት ሰው የሁለት ሰዓት ያህል ነው። የቤቱ ሰዎች አስቀድመው ውሃ በባልዲ ይያዙ።

1. ፓምፑ ሳይጠፋ አንድ ቧንቧ ቀስ ብሎ እየከፈቱ ጌጁን መመልከት። ፓምፑ በስንት ባር እንደሚነሣ፣ በስንትም እንደሚቆም በወረቀት መጻፍ። ይህ ቁጥር ኋላ ያስፈልጋል።

2. ኤሌክትሪኩን ማጥፋት። ሶኬቱን መንቀል፤ በቀጥታ የታሰረ ከሆነ ደግሞ ብሬከሩን ማውረድና ማንም እንዳያነሣው አንድ ሰው በአጠገቡ ማቆም። በእርጥብ እጅ ምንም አይነካም።

3. ከሮቶው ወደ ፓምፑ የሚመጣውን መዝጊያ መዝጋት። ከዚያም ዝቅ ብሎ የሚገኘውን ቧንቧ ከፍቶ የጌጁ መርፌ ዜሮ እስኪደርስ መጠበቅ። መርፌው ዜሮ ሳይደርስ አንድም ቡሎን አይፈታም።

4. የቫልቮላውን መርፌ ተጭኖ በታንኩ የቀረውን አየር ሁሉ ማስወጣት። ይህን ደረጃ ብዙዎች ይዘሉታል። አየር ያለበትን ታንክ ክዳን መፍታት ግን ሰውን ሊያቆስል ይችላል።

5. ታንኩን መፍታት። በአንዱ መፍቻ ቧንቧውን አጥብቆ ይዞ በሌላው ታንኩን መፍታት ነው፤ አለዚያ አሮጌው ቧንቧ ከግድግዳው ውስጥ ይጠመዘዛል። ጎማው የተቀደደ ታንክ ውሃ ሞልቶ ስለሚገኝ ባለ 24 ሊትሩ ከራሱ ብረት ክብደት ሌላ 24 ኪሎ ያህል ሊመዝን ይችላል። ስለዚህ ከሥሩ ጣውላ ይደገፍበት።

6. ጎማውን ብቻ የምንለውጥ ከሆነ፣ የክዳኑን ቡሎኖች ፈትቶ አሮጌውን ጎማ ማውጣት፣ የብረቱን ውስጥ ማጠብና ማድረቅ። በጣት ሲዳስሱት ስለታም ዝገት ካለ አዲሱን ጎማ ይቀደዋል። ብረቱ ከሳሳ ወይም ከተበሳ መበየድ አይገባም፤ ታንኩ ይጣል። አዲሱን ጎማ እንደ ምንጣፍ ጠቅልሎ ማስገባት፣ ከንፈሩን በክዳኑ ሥር ማስተካከል፣ ከዚያም ቡሎኖቹን በየተራ ሳይሆን በትይዩ፣ አንዱን ከዚህ አንዱን ከዚያ እያሉ ጥቂት በጥቂት ማጥበቅ።

7. ታንኩ ከውሃው ጋር ሳይገናኝ አየር መሙላት። ልኩም ፓምፑ ከሚነሣበት ግፊት በ0.2 ባር ያነሰ ነው። ፓምፑ በ1.4 የሚነሣ ከሆነ አየሩ 1.2 ባር ይሁን፤ ይኸውም 17 ፒኤስአይ ያህል ነው። ከፋብሪካ የመጣ አዲስ ታንክም ቢሆን መለካት አለበት፤ ፋብሪካው የእናንተን ፓምፕ አያውቅምና። አየሩ ከበዛ ፓምፑ ከመነሣቱ በፊት ውሃው ለአፍታ ቀጥ ይላል፤ ካነሰ ደግሞ ጎማው ከልኩ በላይ እየተለጠጠ ቶሎ ያልቃል።

8. ጥርሱን አጽድቶ ቴፍሎን በጥርሱ መዞሪያ አቅጣጫ መጠምጠም፣ ታንኩን ማሰር፣ መዝጊያውን መክፈት። ፓምፑ ውስጥ ውሃ መኖሩን ሳያረጋግጡ አለማብራት፤ ደረቁን የዞረ ፓምፕ ማኅተሙ ይቃጠላል። መጀመሪያ አንድ ቧንቧ ተከፍቶ ይቆይና በመስመሩ ያለው አየርና የአዲስ ጎማ ሽታ ያለው ውሃ ይውጣ።

9. መገጣጠሚያዎቹን ሁሉ በሳሙና አረፋ መቀባት፣ አረፋው የሚነፋበት ቦታ ካለ ማጥበቅ። በመጨረሻም ፓምፑ ግፊቱን ሞልቶ ሲቆም ኤሌክትሪኩን ማጥፋትና መርፌው መነሻው ቁጥር ላይ እስኪደርስ ውሃውን በባልዲ መቀበል። ከባለ 24 ሊትሩ ታንክ 8 ሊትር ያህል ከተገኘ ሥራው ሠምሯል። ቀኑንና የአየሩን ልክ በታንኩ ላይ በማይጠፋ ቀለም ጻፉበት።

አሮጌው ታንክ አየሩ ፈጽሞ መውጣቱ ከተረጋገጠ በኋላ ለቆራሌው ሊሸጥ ይችላል።

በራስ እጅ የማይሠራው

ሽቦው የተቃጠለ ወይም ሲነኩት የሚነዝር ፓምፕ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ሥራ ነው። የጥልቅ ጉድጓድ ፓምፕ ያለው ግቢም ባለሙያ ይጥራ። በታንኩ ሠሌዳ ላይ ከተጻፈው የመጨረሻ ግፊት በላይ አየርም ውሃም አይሞላም። ጎሚስታው በኮምፕሬሰር ልንፋላችሁ ቢል መለኪያ እየተያዘ በጥቂት በጥቂቱ ይሁን።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ ከሙያ ይልቅ የጉርብትና ጉዳይ ነው። ፓምፑን ከሮቶው ሳይሆን በቀጥታ ከመንገዱ የቧንቧ መስመር ጋር የሚያገናኙ አሉ። እንዲህ ያለው ፓምፕ ለጎረቤት የሚደርሰውን ውሃ ይስባል። ከዚህም የከፋው፣ መስመሩ ውስጥ ያለው ግፊት ሲጎድል በተሰነጠቀ ቧንቧ በኩል በአካባቢው ያለ ፍሳሽ ወደ መጠጥ ውሃው ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ውሃው አስቀድሞ በራሱ ግፊት ወደ ሮቶው ይግባ፤ ፓምፑም ከሮቶው ይሳብ። በሮቶውም ውስጥ ውሃ ሲያልቅ ሞተሩን የሚያጠፋ ተንሳፋፊ ማብሪያ ማጥፊያ ይኑር፤ በፈረቃ ውሃ ለሚኖር ቤት ይህ ቅንጦት አይደለም።

ከካዛንቺስ ለተነሡ ቤተሰቦች

ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ከተሠሩት ቤቶች ነው። በዚያ ሠፈር በብዙ ግቢ ቤቱ ዝቅ ያለ፣ ቧንቧውም በምድር ቤት ነበር። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ብዙ ነዋሪዎች ከሠፈሩ ተነሥተው ወደ ሌላ ቦታ ሄዱ። ከእነርሱም መካከል የምናውቃቸው ቤተሰቦች ሮቷቸውን፣ ፓምፓቸውንና የግፊት ታንካቸውን ነቅለው ይዘው ሄደዋል። ከእነርሱ አንዷ እናት «ልጆቼ፣ ዕቃው ያው ነው፤ ውሃው ግን ከእኔ ቤት አልደርስ አለ» ብለው ጠሩን።

የገቡበት ቤት አራተኛ ፎቅ ነው። ውሃ በቀጥታ ወደ ላይ 10 ሜትር ለመውጣት 1 ባር ያህል ግፊት ይፈልጋል። ቧንቧቸው ከፓምፑ 12 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ስለሆነ፣ እዚያ ለመድረስ ብቻ 1.2 ባር ያልቃል። ፓምፑ እንደ ድሮው በ1.4 ባር እንዲነሣ ተደርጎ ስለ ነበር፣ ግፊቱ ወደዚያ ሲወርድ ከላይ የሚደርሰው ውሃ ጠብታ ብቻ ነበር። የፓምፑና የታንኩ ሠሌዳ እንደሚፈቅድ ካረጋገጥን በኋላ አውቶማቲኩን በ2.2 ባር እንዲያበራ፣ በ3.6 እንዲያጠፋ አስተካከልን፤ የታንኩንም አየር ወደ 2.0 ባር ከፍ አደረግን። ያው ታንክ፣ ያው ፓምፕ፣ ያለ አንድ ሳንቲም ግዢ አገለገላቸው።

ስለዚህ ዕቃችሁን ይዛችሁ ቤት የለወጣችሁ ሁሉ፣ ታንኩን ከመግጠማችሁ በፊት የአዲሱን ቤት ከፍታ ቁጠሩ፤ አየሩንም እንደ ቤቱ አስተካክሉ። ታንኩ ለብዙ ወራት ደርቆ የቆየ እንደ ሆነ ጎማው ተጣብቆ ወይም ተሰነጣጥቆ ሊሆን ስለሚችል በቫልቮላው በኩል መርምሩት።

በየአጥቢያው ምን ይደረግ?

ለሥራ ጓዶቻችን የምናሳስበው ጥቂት ነገር ነው። የግፊት ታንክ ባለበት ግቢ ሁሉ አየሩ በዓመት ሁለት ጊዜ ይለካ፤ እንዳይረሳ በመስከረምና በመጋቢት ቢሆን መልካም ነው። ሲለካም ፓምፑ ጠፍቶ፣ ውሃው ወጥቶ፣ ጌጁ ዜሮ ሆኖ ይሁን፤ ውሃ እያለበት የተለካ አየር እውነተኛውን ልክ አይናገርም። የጎማ መለኪያና የብስክሌት መንፊያ በግቢው ይቀመጥ። የተለካው በደብተር ይጻፍ። የአዲስ ፓምፕ ግዢ ጥያቄ ሲቀርብ፣ የታንኩ ቫልቮላ ተጭኖ ምን እንደ ወጣ ያልተጻፈበት ማመልከቻ ከእንግዲህ አንቀበልም፤ ይህን ደንብ አስቀድመን በራሳችን ላይ አውጥተናል።

በስጦታችሁ ለምትረዱን ምእመናን ደግሞ የምንነግራችሁ ይህ ነው። ለሦስተኛ ፓምፕ አልጠየቅናችሁም። የሁለተኛው ሞተር መጠምጠሚያ በባለሙያ ታድሶ፣ አዲስ የውስጥ ጎማ በገባለት አሮጌ ታንክ አጠገብ እየሠራ ነው። የባከነው ገንዘብ አይመለስም፤ የታወቀው ነገር ግን ለቀሩት ግቢዎች ይጠቅማል።

በመዋያው የመለኪያውና የደብተሩ ኃላፊ አሁን ዘበኛው አባታችን ናቸው። ባለፈው ስንጠይቃቸው ደብተሩን አውጥተው «1.2» የሚለውን ጽሑፋቸውን አሳዩን፤ ከዚያም እጃቸውን ወደ ጆሮአቸው አስጠግተው «አሁን ስሙት፤ ሳሉ ለቆታል» አሉን። ከግቢው ማዶ ሕፃናቱ ለምሳ እጃቸውን ይታጠቡ ነበር፤ ፓምፑ ግን ዝም ብሎ ተቀምጧል።